አቻ ከወጣ ጨዋታ ምን እንማራለን? (የቼዝ አከፋፈት ጥናት)

እንደሚታወቀው የተሸነፈ ተጫዋች የት እንደ ተሳሳተ ይጠይቃል። አቻ የወጡ ሁለት ሰዎች ግን «ደኅና ተጫወትን» ተባብለው ይለያያሉ። ይህ አስተያየት መታረም አለበት። በጀማሪዎች መካከል አቻ ማለት ብዙ ጊዜ የአንዱ ስሕተት የሌላውን ስሕተት አጠፋው ማለት ነው። በሰይሃት፣ በደማምና በኾበር ያለ አሠልጣኝ፣ ከትምህርት በተረፈ ሰዓት ለምንጫወት ሁሉ እንዲህ ያለው ጨዋታ ጥሩ መማሪያ ነው።

በሰይሃት አንድ ዓርብ ማታ ሁለት ተማሪዎች የተጫወቱትን እንመልከት። ዓምዶቹን ከነጭ ግራ ጀምረን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ እንላቸዋለን፤ ረድፎቹን ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን። በየተራው ነጭ ይቀድማል።

1. ወታደር ሠ4፣ ወታደር ሠ5
2. ፈረስ ረ3፣ ፈረስ ሐ6
3. ጳጳስ ሐ4፣ ወታደር ሸ6
4. ወታደር መ3፣ ፈረስ ረ6
5. ወታደር ሸ3፣ ጳጳስ ሐ5
6. አጭር ካስል፣ ወታደር መ6
7. ፈረስ ሐ3፣ አጭር ካስል

አሁን በሰሌዳው መካከል መስተዋት የቆመ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ተመናመነ፤ አንዱ አቋም ሦስት ጊዜ ስለ ተደገመ ጨዋታው አቻ ተባለ።

አንደኛ፣ የጥቁር ስሕተት በ3ኛው ተራ ነው። የነጭ ፈረስ ወደ ሰ5 ይመጣብኛል ብሎ ፈራ። ነገር ግን የጥቁር ንግሥት ከመ8 እስከ ሰ5 መንገዷ ክፍት ነበር፤ ፈረሱ ቢመጣ ትበላው ነበር። ስለዚህ ለሌለ አደጋ አንድ ተራ ከፈለ።

ሁለተኛ፣ ነጭ ይህን ተራ ሊጠቀምበት አልቻለም። ተገቢው መልስ 4. ወታደር መ4 ነበር። ጥቁር ይህን ወታደር ቢበላ፣ የነጭ ፈረስ መልሶ በልቶ መካከሉን ይይዛል። ጥቁር በወታደር መ6 ቢከላከል፣ ነጭ ሠ5ን ይበላል። ከዚህ በኋላ ጥቁር በፈረሱ መልሶ ቢበላ፣ ፈረስ ፈረስን ይበላል፤ ወታደሩ ሲመልስ የነጭ ጳጳስ ረ7ን በልቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ጳጳሱን ቢበላ ንግሥቱ መ8 ላይ ትበላለች! በወታደሩ መልሶ ቢበላ ደግሞ ንግሥቶቹ ይለዋወጣሉ፤ ጥቁር በንጉሡ ከበላ ካስል ይቀርበታል፣ በፈረሱ ከበላ የሠ5 ወታደር ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ነጭ ግን በመ3 ቀዘቀዘ፤ በ5ኛው ተራ ደግሞ ያገኘውን ተራ በሸ3 መለሰለት። የጥቁር ጳጳስ ወደ ሰ4 እንዳይመጣ ነበር፤ ሆኖም ያ ጳጳስ በዚያን ጊዜ በገዛ ወታደሩ በመ7 ተዘግቶ ነበር።

በአገራችን ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ክፍል፣ በወረራ፣ የመጀመሪያው መብላት እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። በቼዝ ግን ተራ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ትቆጠራለች። ስለ አከፋፈት ማጥናት ለዐረብኛ ተናጋሪው ዓለምም አዲስ አይደለም፤ በአባሲዶች ዘመን፣ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዘመን፣ አል አድሊና አስ ሱሊ የመክፈቻ አሰላለፎችን «ተዕቢያ» በሚል ስም መርምረው ጽፈዋል።

እንግዲህ አቻ ስትወጡ እንዲህ አድርጉ፦
1. የመጀመሪያዎቹን 10 ተራዎች ጻፉ።
2. በዳር ስለ ተነሣ ወታደር ሁሉ «የፈራሁት አደጋ በእርግጥ ነበረን?» ብላችሁ ጠይቁ።
3. ሳይቀጣ ያለፈውን የመጀመሪያ ስሕተት ፈልጉ፤ አንዱን ትክክለኛ መልስ አጥኑ።

ሂስና ግለሂስ ለሰሌዳውም ይሠራል። በሚቀጥለው ዓርብ ነጭና ጥቁር ተለዋወጡና ይህኑ አከፋፈት በወታደር መ4 ሞክሩት።