ከተማን የለወጠ የመመረቂያ ጽሑፍ፦ የአትላንታው ቤልትላይን ለዲዛይን ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

የዲዛይን ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ዕጣው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። መምህራን ይመዝኑታል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ ከዚያም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ፣ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሁለተኛ ዲግሪ የቀረበ አንድ ጽሑፍ ግን ከዚህ ዕጣ አምልጧል። የሥነ ሕንፃና የከተማ ፕላን ተማሪ የነበሩት ራያን ግራቬል ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬ «ቤልትላይን» ተብሎ ይጠራል። ቤልትላይን አትላንታን በ35 ኪሎ ሜትር ቀለበት ለመክበብ የታቀደ፣ አብዛኛው ክፍሉ በአገልግሎት ላይ የዋለ የእግርና የብስክሌት መንገድ ከነመናፈሻዎቹ ነው።

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ የተፈጸመው ታሪክ ግን የስኬት ብቻ አይደለም። የአንድ ተማሪ ንድፍ የከተማን አካባቢና የነዋሪን ጤና ሊያሻሽል እንደሚችል ያሳያል። የዚያኑ ያህል፣ «ጤናው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በጊዜው ካልተመለሰ፣ መልካም ንድፍ ራሱ ነባሩን ነዋሪ ከቀዬው ሊያስለቅቅ እንደሚችል ያስተምራል።

ከተተወ ሐዲድ የተነሣ ሐሳብ

አትላንታ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1837 የተቆረቆረችው የባቡር መስመር ማብቂያ ሆና ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስሟም «ተርሚነስ» ማለትም «መጨረሻ» ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ መሐል ከተማው በባቡር ሲጨናነቅ፣ ጭነት የሚያሳልፉ መስመሮች በዙሪያው ተዘረጉ። በመስመሮቹ ግራና ቀኝም ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተተከሉ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጭነቱ ወደ ከባድ መኪና ተሸጋገረ። ፋብሪካዎቹ ተዘጉ፣ ብዙዎቹ ሐዲዶችም ዛገው አረም ዋጣቸው። ከተማዋ በሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ተከፋፈለች። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለዱበት የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ስዊት ኦበርን ሳይቀር ለሁለት ተሰነጠቀ። ለአብዛኛው ነዋሪም ያለ መኪና መንቀሳቀስ አስቸጋሪ ሆነ።

ግራቬል በ1990ዎቹ አጋማሽ ለትምህርት በፓሪስ ቆይተው ነበር። በዚያ በእግርና በባቡር መመላለስ ከጀመሩ በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ኪሎ ግራም ገደማ እንደቀነሱ ተናግረዋል። ከዚህም አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሱ፤ የሰው ጤና በግል ጥረቱ ብቻ ሳይሆን በሚኖርባት ከተማ ቅርጽም ይወሰናል። ጽሑፋቸውም የተተዉትን ሐዲዶች በማገናኘት 45 ሠፈሮችን የሚያስተሳስር የከተማ ባቡር እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረበ።

ሐዲድ ለእግረኛ ለምን ተስማሚ ሆነ?

የምርጫው ብልኃት ያለው በምሕንድስናው ላይ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው አነስተኛ ነው። ስለዚህ ባቡር ብዙ ጭነት በጥቂት ኃይል ይጎትታል፤ ዳገት ግን አይወድም። መሐንዲሶችም ኮረብታውን እየቆረጡ፣ ሸለቆውን እየሞሉ መስመሩን ለጥ ያለ ያደርጉታል። ሐዲዱ ሲነሣ የሚቀረው መሬት ለአረጋዊ፣ ለሕፃን ጋሪና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የተመቸ ነው። በብዙ ቦታዎችም ድልድዮችና መሿለኪያዎች ስላሉት እግረኛው ከመኪና ጋር አይጋፋም። ከሁሉም በላይ መስመሩ አስቀድሞ የተከፈተ በመሆኑ፣ ለመንገዱ ሲባል ሠፈር ማፍረስ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚወስድ ጥላ ያለው መንገድ ደጃፉ ላይ ላለው ሰው፣ ይህ ምክር ከዕለት ኑሮው ጋር ይዋሐዳል።

ጎርፍን የሚያስተናግድ መናፈሻ

የቤልትላይን አካል የሆነው የሂስቶሪክ ፎርዝ ዋርድ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፍቷል። በዚህ ዝቅተኛ ሥፍራ የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ይወርዱ ስለነበር፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ሞልቶ አካባቢውን ያጥለቀልቀው ነበር። አንዱ አማራጭ ከመሬት በታች ግዙፍ ማስተላለፊያ መቆፈር ነበር። የተመረጠው ግን ጎርፉን ተቀብሎ ቀስ በቀስ የሚለቅ ኩሬና በዙሪያው መናፈሻ መሥራት ሆነ። ወጪው በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ቀነሰ። ዋሻው ቢሠራ ኖሮ ለዓይን የማይታይ ይሆን ነበር፤ ኩሬው ግን የሠፈሩ ሰዎች የሚመላለሱበት የውሃ ዳር ሆኗል። ዘላቂነት የሚባለው አንዱ ይህ ነው፤ አንድ ግንባታ ሁለትና ሦስት ችግር ሲፈታ።

የገንዘቡ ምንጭና የተቃርኖው ሥር

ጽሑፉ ከመደርደሪያ የወረደው በደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ግራቬልና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው የሐሳቡን ጭምቅ ለከተማዋ ታዋቂ ሰዎች ላኩ። የምክር ቤት አባል የነበሩት ካቲ ዉላርድ ተቀብለው በየሠፈሩ እየዞሩ ከነዋሪዎች ጋር መከሩበት።

እ.ኤ.አ. በ2005 የገንዘብ ምንጩ ጸደቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በመስመሩ ዙሪያ የሚሰበሰበው የንብረት ግብር በመነሻ ዓመቱ መጠን ላይ ይያዛል። የንብረት ዋጋ በመናሩ ከዚያ በላይ የሚገኘው ግብር ለ25 ዓመታት ለፕሮጀክቱ ይውላል።

ተቃርኖው ያለው እዚሁ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ የሚንቀሳቀሰው የመሬት ዋጋ ሲወደድ ነው፤ ተከራይንና አነስተኛ ገቢ ያለውን ባለቤት የሚያስለቅቀውም ይኸው ውድነት ነው። በ2007 የተቋሙ ተመራማሪዎች ባወጡት የጤና ተጽዕኖ ግምገማ፣ ጥቅሙ ለሁሉም በፍትሐዊነት መድረሱ ከዋና መመዘኛዎች አንዱ ነበር። ጥያቄው ተጠይቋል፤ መልሱ ግን ዘገየ።

በ2012 የምሥራቁ መንገድ ሲከፈት በዙሪያው ውድ አፓርታማዎች በዙ። እስከ 2030 ድረስ ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው 5,600 ቤቶች ይሠራሉ ተብሎ ቢታቀድም፣ ሥራው ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀረ። በ2016 ግራቬል ራሳቸው ይህንን ስጋት ጠቅሰው፣ ለፕሮጀክቱ ድጋፍ ከሚያሰባስበው በጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ አባልነት ለቀቁ። ከ2018 ጀምሮ በአካባቢው 10 እና ከዚያ በላይ የኪራይ ቤቶች የሚገነባ ሁሉ የተወሰኑትን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያከራይ የሚያስገድድ ደንብ ተግባራዊ ሆነ። ደንቡ የመጣው መንገዱ ከተከፈተና ዋጋው ከናረ ከዓመታት በኋላ ነው። የጽሑፉ እምብርት የነበረው የከተማ ባቡርም በቀለበቱ ላይ አልተዘረጋም።

ለአዲስ አበባ ተማሪዎች ምን ይላል?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ለገሃር ዛሬም በመሐል ከተማ ቆሟል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመዲናዋ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል፤ ፒያሳን ከመሰሉ ነባር ሠፈሮችም ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1954 በተጣለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌሎች ተቋማት የሚማሩ ወጣቶች፣ ነገ እንዲህ ያሉ መንገዶችን የሚነድፉ ናቸው።

ከአትላንታ የሚወሰደው ትምህርት ሦስት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል። አንደኛ፣ ከተማው የተወውና እንደገና ሊያገለግል የሚችል ምን አለ? ሁለተኛ፣ አንዱ ግንባታ ስንት ችግር ይፈታል? ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ዛሬ በሥፍራው ያለው ሰው በዚያው ይኖራልን? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመስመርና በስሌት ይመለሳሉ። ሦስተኛው ግን ኪራይን፣ ግብርንና የይዞታ መብትን የሚመለከት ደንብ ይፈልጋል፤ ደንቡም የመጀመሪያው ዛፍ ከመተከሉ በፊት ከንድፉ ጋር አብሮ መቅረብ ይኖርበታል።