የጦር መሣሪያ ፈቃድ ማጣራትና የፖሊስ ክትትል፦ የት ላይ ይገናኛሉ?

በወንጀል ሕግ ክፍለ ጊዜ ስለ ጦር መሣሪያ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ የምንለው «ፈቃድ አለው ወይስ የለውም?» ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በአንድ ቀን ነው፤ መሣሪያው ግን ሰውየው ዘንድ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ መሐል ሰውየው ሊፈረድበት፣ ሊታመም፣ ቤተሰቡን ሊደበድብ፣ ሊሞትም ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሳው ፈቃድ ሲሰጥ የሚደረገው የኋላ ታሪክ ማጣራትና ከዚያ በኋላ ያለው የፖሊስ ክትትል እንዴት እንደሚያያዙ ነው።

ለማነጻጸር የአሜሪካንን አሠራር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ መሠረት፣ ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ከመሸጡ በፊት ገዢው ከኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ ጋር እንዲመሳከር ይደረጋል። መልሱ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ይመጣል። «ይለፍ» የተባለ ገዢን ማንነት የሚገልጸው መረጃ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ሕጉ ያዛል። ልብ በሉ፣ ይህ ማጣሪያ እንጂ ክትትል አይደለም። በዚያች ሰዓት ያለውን ብቻ ነው የሚያየው፤ እሱንም ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከላኩለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ፣ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመናንን የፈጀው ሰው ቀደም ሲል በአየር ኃይል የጦር ፍርድ ቤት በቤተሰብ ጥቃት ተፈርዶበት ነበር። አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን ወደ መዝገቡ አልላከም። ነጋዴው ጠየቀ፣ መዝገቡም ምንም የለበትም አለ፣ ሰውየው ገዝቶ ወጣ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ አንድ ወረቀት ነው መንገድ ላይ የቀረው።

ሁለቱን ለማገናኘት ሙከራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ አንድ ሰው መሣሪያ ሊገዛ ሞክሮ ከተከለከለ ኤፍ.ቢ.አይ. ለአካባቢው ሕግ አስከባሪ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ካሊፎርኒያ ከዚህም ራቅ ብላ ሄዳለች። ከ2006 ጀምሮ የተመዘገቡ ባለመሣሪያዎችን ስም ከአዳዲስ ፍርዶችና ከእግድ ትእዛዞች ጋር ታመሳክራለች፤ መብቱን ያጣ ሰው ከተገኘ መርማሪ ቤቱ ድረስ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። እዚህ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከማጣራቱ ይቀድማል። በገጠር ጠመንጃ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ንብረት ነው፤ ሱቅ ሄዶ ስሙን አስመርምሮ የገዛ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቀደም ሲል ዓቃቤ ሕግ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481ን እና 808ን ነበር የሚጠቅሰው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግን ራሱን የቻለ የፈቃድ ሥርዓት ዘረጋ፤ የቁጥጥሩን ሥራም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ። ይህ ለእኔ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ፈቃድ ሰጪውም ተከታታዩም አንድ ቤት ሆነዋልና። ለሥራ ወይም ለውጭ ጉዞ አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያወጣ ሁሉ ፖሊስ ይህን ዓይነት መዝገብ እንዳለው ያውቃል።

ችግሩ የሚጎላው በችኮላ ጊዜ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲገፋ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የያዙትን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ። በሁለት ቀን መመዝገብ ይቻላል፣ ማጣራት ግን እንዴት ይቻላል? መዝገብ «ማን ምን ይዟል» ይላል፤ «ይህ ሰው ሊይዝ ይገባዋል ወይ» የሚለው ሌላ ሥራ ነው።

ከተማችን ውስጥ ክትትል በዓይን የሚታየው መስቀል አደባባይ ላይ ነው። በደመራ ዕለት ከካዛንቺስ ስወርድ አደባባዩ ሳልደርስ ሁለት ቦታ ተፈትሻለሁ። ፈታሹ ኪሴን ነው እንጂ መዝገቤን አያይም፤ ማየትም አያስፈልገውም፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት የሰጠው «መሣሪያ ሳይዝ» ለሚሰበሰብ ነውና ፈቃድ ያለውም እዚያ ይዞ መግባት የለበትም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚሁ አደባባይ ሰልፍ ላይ በፈነዳው የእጅ ቦምብ ሰዎች ሞተዋል፣ ከመቶ በላይ ቆስለዋል። የእጅ ቦምብ የሚወረውር ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ አይመጣም፤ እሱን የሚያስቆመው የመረጃ ሥራና ፍተሻ ብቻ ነው። በኋላም የተያዙት የፖሊስ ኃላፊዎች የተጠየቁት በጥበቃው ክፍተት ነበር።

ስለዚህ ሁሉን ከማጣራት መጠበቅ የዋህነት ነው። ማጣራት የሚጠቅመው ለሌላው ሰው ነው፤ ትናንት ሰላማዊ ሆኖ ፈቃድ ላወጣውና ዛሬ ጎረቤቱን ወይም ሚስቱን ለሚያስፈራራው። የዚህን ሰው ለውጥ መጀመሪያ የሚያውቁት ዳኛው፣ ሐኪሙና የቀበሌው ሰው ናቸው፤ ፈቃድ ሰጪው ካልነገሩት አያውቅም። ባለፈቃዱ ሲሞት ደግሞ መሣሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ መዝገቡ ላይ ሟች ባለመሣሪያ እንደሆነ ይኖራል።

አንድ ነገር ልጠቁም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግርጌ ላይ «ግልባጭ» ተብሎ ለማረሚያ ቤትና ለፖሊስ ሲጻፍ አይተናል። በኃይል ድርጊት ወንጀል ፍርድ ሲሰጥ፣ የውርስ ማስረጃም ሲወጣ፣ እዚያው ግርጌ ላይ «ለመሣሪያ ፈቃድ ክፍል» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ግልባጩ ሲደርስ ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር አንድ ሠራተኛና ቤቱ ድረስ ሄዶ መሣሪያውን የሚረከብ ፖሊስ ነው።