ቤቱ በማን ስም ነው? ጎንደርም ሆነ ካርሜ ጋት ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ



በኡልፓን የዕረፍት ሰዓት ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ልኬ ጎንደር ቤት ልግዛ? ወይስ እዚሁ ካርሜ ጋት ማሽካንታ ልግባ?» የሚል ነው። የቱ እንደሚሻል እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ መክሮ ይወስን። እኛ ዛሬ የምንማረው ሕጉ ምን እንደሚል ነው። ለምን ቢሉ፣ የብዙ ዓመት ልፋት በአንድ ፊርማ ሊጠፋ ይችላል።

ገንዘብ ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ቤቱ በማን ስም ይጻፋል? የሚሸጥልን የምን መብት ነው? የተመዘገበውስ የት ነው?

1. በኢትዮጵያ ሕግ እኛ ማን ነን?

ጎንደር ተወልደን ያደግን ሰዎች «የውጭ አገር ሰው» ስንባል ይከብደናል። ሕጉ ግን የሚያየው ዜግነትን ነው። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት ወስዶ የሚጠቀምበት ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የእስራኤል ዳርኮን ይዞ የሚሄድ ሰው እዚያ የውጭ ዜጋ ነው።

በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም ይላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ማለት ቤትና የመሳሰለው ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 391 ደግሞ ሳያውቅ በቅን ልቦና ባለቤት የሆነ የውጭ ሰው ንብረቱን በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ያዛል።

ታዲያ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው? አይደለም። ሁለት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው። በፊት ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ይህንኑ ነው። ካርዱ ያለው ሰው በቁጥር 390 እና በተከታዮቹ የተጻፈው ክልከላ አይነካውም፤ ቤት በራሱ ስም መግዛት ይችላል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም።

ሁለተኛው አዲስ ነው። በሰኔ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 2025) የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን ከ150,000 የአሜሪካ ዶላር ያላነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። ለእኛ ለአብዛኞቻችን የሚጠቅመው እንግዲህ የመጀመሪያው በር ነው። መጀመሪያ ካርዱ፣ ከዚያ ቤቱ።

2. «በወንድሜ ስም ልግዛውና ኋላ ይሰጠኛል»

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወንድም ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ወንድም ደግ ሆኖም ሕጉ ሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ገንዘብ ልኮ ቤቱን በወንድሙ ስም አስገዛ እንበል። ካርታው የወጣው በወንድሙ ስም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ወንድምየው ሚስት ካለችው ደግሞ፣ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢጻፍም የጋራ እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉ ይገምታል። ቢፋቱ ቤቱ ለክፍፍል ይቀርባል። ወንድምየው ቢሞት ልጆቹ ይወርሱታል። ብድር ካለበትም አበዳሪው ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል።

«እኛ እኮ በጓዳ የተፈራረምነው ወረቀት አለን» የሚል ይኖራል። የውጭ ዜጋ እንዳይገዛ የሚከለክለውን ሕግ ለመሸሽ የተጻፈ ወረቀት ከሆነ፣ ሕገ ወጥ ነገርን የሚመለከት ውል ፈራሽ ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት ላይ ማነቆው ለራሳችን ነው።

3. መሬቱ የማን ነው?

በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) ደርግ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ወርሷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የሚገዛው ቤቱ ነው፤ ቦታው ግን የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በሊዝ የተያዘ የከተማ መኖሪያ ቦታ ረጅሙ ዘመን 99 ዓመት ነው። ከገበሬ «መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የገጠር መሬት እንደማይሸጥ አስታውሱት። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየምም 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ክልክል ነው፤ «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚል ደላላ ቢመጣ አትቀበሉ።

4. ውልና ውክልና

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው ክፍል፣ ማለትም ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» በሚለው ቢሮ ወይም በፍርድ ቤት ፊት መሆን አለበት። ከዚያም ስሙ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይዛወራል። ከመፈረም በፊት ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት እዚያው ማዘጋጃ ቤት ማጣራት ነው።

ራሳችን መሄድ ካልቻልን በቴል አቪቭ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና መስጠት ይቻላል። ውክልናው ግን ልክ ይኑረው፦ «በእኔ ስም እንዲገዛ» ብቻ። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ» የሚል ቃል ሳታስፈልጋችሁ አታስጽፉ። ሕጉ ራሱ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል የሚለው በከንቱ አይደለም።

5. እዚህ አገርስ?

እዚህ እኛ የውጭ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን ሦስቱ ጥያቄዎች እዚህም ይሠራሉ። ከእስራኤል መሬት 93 በመቶ ገደማው በርሹት ምካርካኢ እስራኤል እጅ ያለ የሕዝብ መሬት ነው። በብዙ ቦታ የሚገዛው «ሐኺራ» የሚባል የረጅም ዘመን ኪራይ ነው፤ 49 ወይም 98 ዓመት። ከጎንደሩ ሊዝ ጋር ይመሳሰላል።

እንደ ካርሜ ጋት ባለ አዲስ ሰፈር ቤት ገና ሳይሠራ ከካብላን ሲገዛ፣ በ1974 የወጣው ሕግ ገዢውን ይጠብቀዋል። ካብላኑ ዋስትና ሳይሰጥ ከዋጋው ከ7 በመቶ በላይ መቀበል አይችልም። ስለዚህ «አርቩት ባንካኢት» ሳታገኙ አትክፈሉ። የካብላኑ ጠበቃ የካብላኑ ጠበቃ ነው፤ የራሳችሁን ዖሬኽ ዲን ያዙ። ከግለሰብ ስትገዙ ደግሞ ጠበቃችሁ ታቡ ላይ «ሄአራት አዝሃራ» ያስጽፍላችሁ፤ ባለቤቱ ለሌላ ሰው ደግሞ እንዳይሸጠው ይጠብቃችኋል። በእጅ የተጻፈች «ዚኽሮን ድቫሪም» ትንሽ ብትመስልም ልታስር ትችላለች። አትፈርሙ።

የውጭ ዜጋ እዚህ ቤት ሲገዛ ማስ ርኺሻ ከ8 በመቶ ይጀምርበታል። ዖሌ ሐዳሽ ግን ከመጣ እስከ 7 ዓመት ድረስ ቅናሽ አለው። ከኦገስት 2024 አጋማሽ በኋላ ለሚገዛ ዖሌ እስከ 1,978,745 ሼቄል ያለው ዋጋ ግብር የለበትም። ቅናሹ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አታባክኑት።

ለማስታወስ የሚሆኑ ቃላት

ታቡ — የመሬትና የቤት መዝገብ
ኔሳኽ ታቡ — ከመዝገቡ የሚወጣ ማስረጃ
ሄአራት አዝሃራ — በመዝገብ ላይ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ
አርቩት ባንካኢት — የባንክ ዋስትና
ማስ ርኺሻ — የግዢ ግብር
ዖሬኽ ዲን — ጠበቃ

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቢጫ ካርድ የሌለው የእስራኤል ዜጋ በጎንደር ቤት በራሱ ስም ለመግዛት ምን ያስፈልገዋል?
2. በወንድም ስም የተገዛ ቤት በእነማን እጅ ሊገባ ይችላል? ሦስት ጥቀሱ።
3. ካብላን ዋስትና ሳይሰጥ ምን ያህል መቀበል ይችላል?

መልሱን ከቤተሰብ ጋር ተወያዩበት። በተለይ ለወላጆቻችን አንብቡላቸው፤ ገንዘብ ላኪዎቹ ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና።