የትንሹ ዓሣ ኑሮ

ትሪኒዳድ በምትባል ደሴት፥ በወንዝ ውስጥ ጉፒ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይኖራል። ከፏፏቴ በታች የሚውጡት ታላላቅ ዓሣዎች ስላሉ፥ ሳይበላ ለመውለድ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ልጆቹም ብዙና ደቃቃ ናቸው። ከፏፏቴ በላይ ግን ጠላቱ ጥቂት ነውና ዘግይቶ ይወልዳል፤ ልጆቹም ጥቂትና ተለቅ ያሉ ናቸው። ጉልበቱ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ማብዛትንና ማተለቅን በአንድነት አይችልም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ጆን ኤንድለር የተባለ ሊቅ ከታች ያሉትን ወስዶ ጠላት ወደ ጐደለበት ውሃ አገባቸው። ከ11 ዓመት በኋላ ዘሮቻቸው ዘግይተው የሚወልዱ፥ ልጆቻቸውንም አሳንሰው የሚያተልቁ ሆነው ተገኙ።

ልጆች ሆይ፥ የባልንጀራችሁን ኑሮ ከመንቀፋችሁ በፊት የሚኖርበትን ውሃ መርምሩ። ዓሣው ሳያስብ ይኖራል፤ እናንተ ግን ልክ ያለውን ጉልበታችሁን በምን እንደምታውሉት አስቡ።