ሰምና ወርቅ

ቅኔ ሲዘረፍ ሰምተን ሰሙን ብቻ ይዘን የምንመለስ ብዙዎች ነን። አገራችን ጎጃም ግን በዋሸራ የቅኔ ቤት የታወቀች ናት። ቅኔው በግእዝ ቢሆንም መንገዱ በአማርኛም ይሠራል። ለመማሪያ ያህል ይህችን ሁለት ስንኝ እንይ፦

ሌሊቱን በእንባ ሲያጠና ያደረ፣
ያ ጥፋተኛ ልጅ ጠዋት ላይ ተማረ።

«ረ» ቤት መምቻ ናት። የስንኙ እኩሌታ ሐረግ ይባላል። «ተማረ» ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ ዕውቀት አገኘ፣ ወርቁ ምሕረት አገኘ ማለት ነው። ወደ ወርቁ የሚመራን «ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ ለበዓል ግጥም የምናዘጋጅ ሁሉ፣ ቤት ከመምታታችን በፊት ወርቃችንን እንፈልግ። እኛስ ተምረናልን? በሰሙ ወይስ በወርቁ?