የሠራተኛው ጥፋትና የአሠሪው ኃላፊነት በግንባታ ሥራ ጉዳት ክርክሮች

በግንባታ ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ካሣ ሲጠይቅ፣ አሠሪው ከሚያነሣቸው መከራከሪያዎች አንዱ «ሠራተኛውም ጥፋት አለበት» የሚል ነው። የመከራከሪያው ውጤት ግን ክሱ እንደተመሠረተበት ሕግ ይለያያል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው፤ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት እንደዚሁ ይቆጠራሉ። በዚህ ሥርዓት ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ ይጸናል ወይም ይቀራል፤ ተራ ቸልተኝነት ካሣውን አይቀንስም።

ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ግን ሠራተኛው አግባብ ባለው ሌላ ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብቱ ተጠብቋል። በዚህ ጊዜ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2098 ካሣውን በጥፋቶቹ ክብደትና ለጉዳቱ ባደረጉት አስተዋፅኦ ያካፍላል። ለምሳሌ በሚገባ ካልታሰረ መወጣጫ የወደቀ ሠራተኛ የደህንነት ቀበቶውን ሳያስር ቢገኝና የጥፋቱ ድርሻ ሩብ ቢሆን፣ ከ100,000 ብር ጉዳት የሚያገኘው 75,000 ብር ነው። ቀበቶ እንዲያስር ግልጽ መመሪያ ካልተሰጠው ግን ይኸው ቸልተኝነት በአዋጁ የሚገባውን ክፍያ አይነካም።

ስለዚህ ፍርድ ቤት ሁለቱን ሥርዓቶች ሊያደባልቅ አይገባም። አንቀጽ 92 መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስረዳት ግዴታን በአሠሪው ላይ ስለሚጥል፣ መሣሪያው ሳይቀርብ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ብቻውን እንደ «ግልጽ መመሪያ» ሊቆጠር አይገባም።