ሰማንያው አንድ፣ ቤቱ ሁለት

ልጄ፣

ጥር ላይ ልትሞሸር መሆኑን አባትህ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። አንተ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኞችህ ጋር «ለወንድ አንድ ሚስት ወይስ ብዙ?» እያላችሁ ስትከራከሩ ማምሸታችሁን አጫወትከኝ። አንዱ ወንጌል ይጠቅሳል፣ አንዱ ቁርኣን፣ አንዱ «የግል ነጻነት» ይላል። ባልና ሚስት ሳስታርቅም፣ ሲለያዩ ንብረት ሳካፍልም የኖርኩ ሽማግሌ ነኝና የምለውን በተራ ልንገርህ።

1. ክርክሩን ከአገርህ ጀምር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ካገቡ ሴቶች ከመቶ 11 የሚሆኑት ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል። በእኛ በኩል ግን ሁለት ሴት በሰማንያ አግብቶ በአደባባይ የሚኖር ሰው ማግኘት ይቸግራል። የእኛ ነገር ሌላ ነው፤ ሰማንያው አንድ፣ ቤቱ ሁለት። ሚስት ገጠር ላይ እርሻውን ይዛ ትከርማለች፣ ቅምጥ ከተማ ላይ ቤት ተከራይቶላታል፣ ሰውየውም በገበያ ቀን ይመላለሳል። «እኛ አንድ ለአንድ ነን» ብለህ በሌላው ላይ ከመፍረድህ በፊት ይህን አስብ።

2. ሕጉን እወቅ። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 79፣ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 650 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል፤ ያገባ መሆኑን ደብቆ ሌላዋን ያታለለ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ተከታዩ አንቀጽ ሕግ ላወቀው ሃይማኖታዊ ወይም ባህላዊ ሥርዓት ቦታ ይተዋል። ሙስሊሙ ጓደኛህ ይህን ቢያነሳ አትሳቅበት፤ ቁርኣን እስከ አራት የፈቀደው በእኩልነት ለሚይዝ ነው፣ ያን ለማይችል አንዷ ትበቃዋለች ይላል። ቅምጡን የደበቀ ሰው ግን በሕጉም፣ በቤተ ክርስቲያኑም፣ በሸሪዓውም ፊት መልስ የለውም።

3. መሬቱን ተመልከት። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ እንዳጠናው፣ በርስት ዘመን ልጅ በአባቱም በእናቱም ወገን ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ሴቲቱ ርስቷን ይዛ ትገባለች፣ ስትፋታም ርስቷ የራሷ ነው። የጎጃም ሴት ስትከፋ «ፍታኝ» ለማለት ድፍረት የነበራት ለዚህ ይመስለኛል። ዛሬ ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፍሯል። ለቅምጧ የምትሰፍረው እህል ግማሹ የሚስትህ ነው። ከቅምጧ የሚወለደው ልጅ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ከሌሎቹ እኩል መብት አለው። አባቱ በሕይወት ሳለ የሸሸገውን እሱ ከቀብር በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ሊያስረዳ ይገደዳል። የሽምግልናችን ከባዱ ነገር ይህ ነው።

4. ትእዛዝ ብቻውን ቤት አያቆምም። አፄ ቴዎድሮስ ተዋበችን በቁርባን አግብተው፣ ሰው ሁሉ ቅምጡን ትቶ በአንዲት ሚስት እንዲረጋ አዝዘው ነበር። ተዋበች ካረፉ በኋላ ግን ጥሩወርቅ ውቤን አግብተው ሳለ ይተመኙ የተባለች ቅምጥም አስቀመጡ። ያወጁትን ራሳቸው አልቻሉትም። ስለዚህ ቁርባን የማይፈታ ቃል መሆኑን አውቀህ፣ ልባችሁ ሲረጋ በሁለታችሁ ፈቃድ ቁረቡ፤ ለዘመድ አዝማድ ዓይን ብላችሁ አትግቡበት።

5. «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚልህ አይጠፋም። ተረቱ ለኑሮ ብልሃት ይሆናል፤ ሰው ግን መንጠልጠያ አይደለም። ልጅ ሳይወለድ ሲቀርም ይህንኑ ይሉሃል። የዚያን ጊዜ ሁለታችሁም ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ተመርመሩ። ምክንያቱ ከወንዱም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳይመረምሩ በሴቲቱ ላይ ሌላ ያመጡ ብዙ ናቸው።

6. የጋብቻ ዓላማ ምንድን ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ አንብብ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም ሐሳቡ ይጠቅምሃል። ወንድና ሴት በቁጥር እኩል ይወለዳሉና ብዙ ማግባት ከፈጣሪ ሥርዓት ጋር አይስማማም ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው፤ ኂሩት የምትባለውን የቤት ሠራተኛ ሲያገባ፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ገረድ አትባልም ብሎ ማሰቡ። ልጅም፣ ሀብትም፣ ፍቅርም ያለ ጋብቻ ይገኛል። ጋብቻ የሚጨምረው በምስክር ፊት ለእኩያህ ተጠያቂ መሆንን ነው። ባል ለሁለት ቤት ሲከፈል መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ተጠያቂነት ነው።

7. ከጥር በፊት ይህን ፈጽም። እሷ 18 ዓመት የሞላት፣ በራሷ አንደበት «እሺ» ያለች መሆኗን አረጋግጥ። ከዚህ በፊት ልጅ ወይም ዕዳ ካለህ ዛሬውኑ ንገራት፣ እሷም ትንገርህ። ማጫውንና ጥሎሹን ብቻ ሳይሆን ለወላጆቻችሁ የምትረዱትንም ተነጋግራችሁ ወስኑ። ሰማንያውን ከተፈራረማችሁ በኋላ ቀበሌ ሄዳችሁ በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፤ ነገ ለእሷም ለልጆቻችሁም ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ልብህ ወደ ሌላ ቢሸፍት ሽማግሌ ጥራ። መታረቅ ቢያቅታችሁ መፋታት በሕግም በባህልም አለ፤ መራራ ቢሆንም በግልጽ የሚደረግ ነው። ለሚስትህ፣ ለሰማንያ ዋስህና ለመዝጋቢው ልትናገረው የማትደፍረውን ቤት ግን አትሥራ።